ስለ ብርሃን መውጫ

የዛሬው ትምህርት ብርሃን ከተሠራ በኋላ ከተሠራበት ቤት እንዴት እንደሚወጣ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ እንዴት እንደሚወጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መብራት ከበራ ብርሃኑ በራሱ ጊዜ ይወጣል ብለን እናምናለንና። አይወጣም። ከጸጉር ውፍረት በማይበልጥ መብራት ውስጥ የተወለደ ብርሃን አብዛኛው እዚያው ይቀራል፤ ቀርቶም ሙቀት ይሆናል። መብራቱ የተቀበረው አንጎል ውስጥ ከሆነ ሙቀቱ ጉዳት ነው። ለዚህ ከተገኙት መድኃኒቶች አንዷ በዓይን የማትታይ፣ ጉልላት የመሰለች የፕላስቲክ ሌንስ ናት። ደረጃ በደረጃ እንሂድበት። ያልገባው ወደ ኋላ ተመልሶ ያንብብ፤ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ቤት በቅጸላ እንጂ በጥድፊያ ተምሮ የወጣ የለም።

ከምናውቀው እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በመላው ኢትዮጵያ የተደረገው የዓይን ጥናት ከ100 ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ለዚህ ያበቃቸው የዓይን ሞራ ግርዶሽ መሆኑን አሳይቷል። ሞራው ተነሥቶላቸው ያለ መሪ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ አረጋውያን ከደብረ ማርቆስ እስከ ሞጣ አሉ። ለእነርሱ ሐኪሙ ያደረገላቸው ሁለት ነገር ነው፤ የደፈረሰውን የተፈጥሮ ሌንስ አወጣ፣ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ አኖረ። ሰው ሠራሹ ሌንስ ከፖሊመር የተሠራ ነው። ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት የሠሩበት ቁስ ነው፤ ፕላስቲክ የምንለው ሁሉ ከዚህ ወገን ነው።

ፕላስቲክ በሰው ሥጋ ውስጥ እንዴት ይኖራል ቢሉ፦ በጦርነት ተገኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪዎች የአውሮፕላናቸው መስኮት ሲሰባበር ስንጥሩ ዓይናቸው ውስጥ ይገባ ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ የዓይን ሐኪም ከመስኮቱ ፕላስቲክ የተሠራው ስንጥር ዓይኑን ሳያስቆጣ ለዓመታት እንደሚቀመጥ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን በሚገኘው ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ በሕመምተኛ ዓይን ውስጥ አኖረ። የሙያ ባልደረቦቹ ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ ተቃወሙት። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሠሩት ቀዶ ሕክምናዎች እጅግ ከሚዘወተሩት አንዱ ይኸው ነው። እንግዲህ በሥጋ ውስጥ የሚኖር የፖሊመር ሌንስ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግዳ የሚሆነው ሌንሱ ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን መቀበሉን ትቶ ከመብራት የሚወጣውን ብርሃን ሲሸኝ ነው።

አሁን ሕጉን እንማር። ብርሃን በባዶ ቦታ ከሚሄድበት ፍጥነት ይልቅ በውኃ፣ በመስታወት፣ በፕላስቲክ ውስጥ ሲሄድ ይዘገያል። የመዘግየቱ ልክ በቁጥር ይነገራል፤ የስብረት መጠን ይሉታል። የአየር 1 ያህል ነው፤ የውኃ 1.33፤ የአንጎል ሥጋ 1.36 ያህል፤ በዓይን ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ 1.49። ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጡት ጥቃቅን መብራቶች የሚሠሩበት የጋሊየም ናይትራይድ ግን 2.45 ያህል ነው። ብርሃን ከአንዱ ወደ ሌላው በሰያፍ ሲሻገር መንገዱ ይሰበራል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለው ዝቅ ወዳለው ሲወጣ ወደ ጎን ይጋደማል። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት በሰፋ መጠን መጋደሙም ይብሳል።

(ይህን ነገር አጥብቀው ከመረመሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ኢብን አልሃይሰም ነበር። እንደሚተረክለት ወደ ካይሮ የተጠራው የዓባይን ሙላት ለመግራት ነው። ወንዙን ወጥቶ ሲያይ የማይቻል መሆኑ ገባው፤ ከገዥው ቁጣ ለማምለጥ እብድ መስሎ በቤቱ ተዘጋ፤ ታላቁን የብርሃን መጽሐፉንም በዚያ ዘመን ጻፈው ይባላል። ያ ያሸነፈው ሙላት በአብዛኛው የእኛ ደጋ ክረምት፣ የጮቄም ውኃ ያለበት ነው። ወደ ትምህርታችን እንመለስ።)

መጋደሙ ድንበር የለውም ወይ ቢሉ፦ አለው። ብርሃኑ ከውስጥ ሆኖ ገጹን የሚመታበት ሰያፍ እየጨመረ ሲሄድ፣ የሚወጣው ጨረር በገጹ ላይ ተጋድሞ የሚሄድበት ልክ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ካለፈ መውጫ የለም፤ ጨረሩ ሙሉ በሙሉ ተንጸባርቆ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ይህን ለማየት ጥርት ያለ ብርጭቆ ውኃ ሙሉና ከዓይናችሁ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ በጎኑ በኩል ሽቅብ የውኃውን ገጽ ተመልከቱ። ጣራውን አታዩበትም፤ ገጹ የብር መስታወት ሆኖ የብርጭቆውን ውስጥ መልሶ ያሳያችኋል። ውኃው ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ ብርሃን አላሳልፍ ያለው በመቆሸሹ ሳይሆን በሕጉ ነው።

ይህን ድንበር በቁጥር ስናስቀምጠው ነገሩ ያስደነግጣል። ከጋሊየም ናይትራይድ ወደ አየር ለመውጣት ጨረሩ ቀጥ ካለው መስመር ከ24 ዲግሪ በላይ ማዘንበል አይችልም። በመብራቱ ውስጥ ግን ብርሃን የሚወለደው በሁሉም አቅጣጫ ነው። ከ100 ጨረር በአንዱ ገጽ በኩል መውጫ የሚያገኘው 4 ያህሉ ብቻ ነው። አንጎል ውስጥ ሲቀበር ሁኔታው ጥቂት ይሻላል፤ የሥጋው ቁጥር ከአየር ከፍ ስለሚል ድንበሩ ወደ 34 ዲግሪ ይሰፋል፤ የሚወጣውም ከ100 ወደ 8 ይደርሳል። ይህ የአንዱን ገጽ ብቻ የያዘ የተማሪ ስሌት ነው፤ ሠሪዎቹ ከጀርባው አንጸባራቂ ብረት ያደርጋሉ፣ ገጹን ያሻክራሉ፤ እውነተኛው ቁጥር በዚያ ይለወጣል። የችግሩ መልክ ግን አይለወጥም። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ሰማያዊውን መብራት በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ብርሃኑን መሥራት ይህን ያህል ክብር ካስገኘ፣ ማውጣቱ ሌሎች ብዙ ስማቸው ያልተጠራ ሰዎች የደከሙበት ሥራ ነው።

እዚህ ላይ መብራት በአንጎል ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ትክክል ነው። የነርቭ ሕዋስ በተፈጥሮው ብርሃን አያይም። በኩሬና በእርጥብ አፈር የምትኖር ክላሚዶሞናስ የምትባል አንዲት ሕዋስ ብቻ ያላት አረንጓዴ አልጌ ግን ወደ ብርሃን ለመዋኘት የምትጠቀምበት ፕሮቲን አላት፤ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት በሕዋሱ ሽፋን ላይ በር ይከፍታል፤ በበሩም ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች ይገባሉ። ፒተር ሄገማን፣ ጌኦርግ ናገልና ኤርነስት ባምበርግ በጀርመን አገር ይህን ፕሮቲን ገለጡት። እ.ኤ.አ. በ2005 ካርል ዳይሴሮትና ኤድ ቦይደን ከሌሎች ጋር ሆነው የፕሮቲኑን ዘረመል ወደ ነርቭ ሕዋስ አስገብተው ሕዋሱን በብርሃን ብልጭታ ሊያሠሩት እንደሚችሉ አሳዩ። ዘመኑ ኦፕቶጄኔቲክስ የሚለው ይህ ነው። ዘረመሉን ወደ ሕዋሱ የሚያደርሰው ጉዳት እንዳያመጣ የተደረገ ቫይረስ ነው።

አንድ አባት ተነሥተው «የሰውን ሐሳብ በመብራት ሊገዙ ነውን?» ቢሉ፦ አይደለም፣ አባቴ። ይህ ሥራ በአብዛኛው ገና በአይጥና በመሰሎቿ ላይ ያለ ምርምር ነው። በሰው ላይ ተሞክሮ ፍሬው በይፋ የተነገረው በዓይን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በፓሪስ ለብዙ ዘመን ዓይነ ስውር የነበረ የ58 ዓመት ሰው የዓይኑ መረብ ሕዋሳት ይህን መሰል ፕሮቲን ከተቀበሉ በኋላ በልዩ መነጽር እየታገዘ ጠረጴዛ ላይ ያለ ደብተር የት እንዳለ ለይቶ ነካ። ሐሳብ መግዛት የሚሉት ወሬ ለጋዜጣ ርዕስ ይመቻል፤ ከቤተ ሙከራው ሥራ ጋር ግን አይተዋወቅም።

ለሌንሳችን ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ጆሮ ነው። መስማት ለተሳነው ሰው ዛሬ የሚተከለው መሣሪያ የመስሚያውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ይነካል፤ ከ12 እስከ 24 የሚደርሱ የኤሌክትሪክ ነጥቦች አሉት። ነገር ግን በጆሮ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጨዋማ ነውና ኤሌክትሪኩ ወደ ጎን ይፈሳል፤ ለአንዱ ድምፅ የተላከው ጎረቤቱንም ይቀሰቅሳል። ሰሚው ንግግርን በጸጥታ ቦታ ይረዳል፤ ጫጫታ ባለበት ይቸገራል፤ ዜማም በደንብ አይለይለትም። ግዕዝን፣ ዕዝልን፣ አራራይን ለይቶ በሚያደምጥ አገር ይህ ምን ያህል ጉድለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ብርሃን ግን ሊጠበብና ወደ አንድ አቅጣጫ ሊመራ ይችላል። በጎቲንገን የቶቢያስ ሞዘር ቡድን በአይጥ ዘሮች ጆሮ ላይ የብርሃኑን መንገድ ሲያጠና፣ የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ደግሞ ጎናቸው 60 ማይክሮን የሆኑ 144 መብራቶችን በአንድ ተጣጣፊ ቀጭን ክር ላይ ደረደሩ። ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺህኛ ክፍል ነው።

ብርሃኑ ካነሰ ኃይሉን ለምን አይጨምሩም ቢሉ፦ ዋናው ነጥብ እዚህ ነው፤ በርጋታ ስሙት። ወደ መብራቱ የሚገባው ኤሌክትሪክ ብርሃን ሆኖ ካልወጣ ሙቀት ይሆናል። ኃይሉን እጥፍ ብናደርገው የሚወጣው ብርሃን እጥፍ ይሆናል፤ የሚቀረው ሙቀትም እጥፍ ይሆናል፤ የሚቀረው ደግሞ ከሚወጣው እጅግ ይበልጣል። የነርቭ ሕዋስ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር እንኳ ሥራው ሊዛባ ይችላል፤ ተመራማሪው በብርሃን ያሠራሁት መስሎት በሙቀት ያሠራው ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ሰማያዊ ብርሃን በአንጎል ሥጋ ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ሳይጓዝ አብዛኛው ይበተናል፤ ፕሮቲኑን ለመክፈት ደግሞ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 1 ሚሊ ዋት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ በኩል ብርሃን ማነስ የለበትም፤ በሌላ በኩል ሙቀት መጨመር የለበትም። ሁለቱን የሚያስታርቅ አንድ መንገድ ነው፦ ከተሠራው ብርሃን የሚወጣውን ድርሻ ማሳደግ።

ተማሪ ቶሎ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። «በመብራቱ ላይ ቁጥሩ መካከለኛ የሆነ ፖሊመር እንቀባዋ! ከ2.45 ወደ 1.36 በአንድ ጊዜ ከመዝለል 1.6 ላይ ቢያርፍ ድንበሩ ይሰፋል» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ከመብራቱ ወደ ፖሊመሩ የሚያልፈው ጨረር እስከ 41 ዲግሪ ያዘነበለውን ያካትታል፤ ከ100ም 12 ያህል ይሆናል። ግን ገጹ ጠፍጣፋ ከሆነ እነዚያ አዲስ የገቡት ጨረሮች በፖሊመሩ ውስጥ እጅግ ተጋድመው ይሄዱና ከላይኛው ገጽ ሲደርሱ ሁለተኛውን ድንበር፣ 58 ዲግሪን፣ አልፈው ይገኛሉ። ተንጸባርቀው ይመለሳሉ። የሚወጣው ያው 8 ነው። ጠፍጣፋ ንብርብር አሥር ጊዜ ቢደራረብም ይህን ቁጥር አይለውጠውም፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቁስ ይወስኑታል፤ የመካከሉ ድምፅ የለውም።

ጉልላት ግን ይለውጠዋል። የፖሊመሩን ገጽ ጠፍጣፋነቱን ትተን ግማሽ ሉል እናድርገው፤ መብራቱም ከመካከሉ ሥር ይሁን። ከመካከል የተነሣ ጨረር የቱንም ያህል ያዘነበለ ቢሆን የጉልላቱን ግድግዳ የሚመታው ቀጥ ብሎ ነው፤ ቀጥ ብሎ የመታ ጨረር ደግሞ ድንበር አያግደውም። ስለዚህ 12ቱ ይወጣሉ። ከ8 ወደ 12 ማለት በዚያው ኤሌክትሪክ ብርሃኑ በግማሽ ጨመረ ማለት ነው፤ ወይም የቀድሞውን ያህል ብርሃን ለማግኘት ከኤሌክትሪኩ ሲሶው ተቆጠበ ማለት ነው። ሌንሱ ከራሱ አንዲት ጨረር አልሠራም። ታስሮ የነበረውን ፈታ እንጂ። ጉልላቱ ከግማሽ ሉል ከፍ ካለ ወይም መብራቱ ከመካከሉ ዝቅ ካለ ደግሞ የሚወጣውን ብርሃን ወደ ፊት ይሰበስበዋል፤ ለጆሮው የሚፈለገው ይህ ነው፤ የአንዱ መብራት ብርሃን የጎረቤቱን ነርቭ እንዳይነካ።

እንዲህ ያለች ትንሽ ጉልላት በምን ትቀረጻለች ቢሉ፦ በቢላ አይደለም፤ በመቅለጥ ነው። ብርሃን ሲነካው ባሕርዩ የሚለወጥ ፈሳሽ ፖሊመር አለ። መብራቶቹ በተደረደሩበት ሳህን ላይ ይፈስና ሳህኑ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ፈሳሹም በእኩል ውፍረት ይዘረጋል። ተሞቆ ይደርቃል። ንድፍ ባለው ሽፋን በኩል ሐምራዊ ዘለል (አልትራቫዮሌት) ጨረር ይበራበታል። ቀጥሎ በማጠቢያ ፈሳሽ ሲታጠብ አላስፈላጊው ይሟሟል፤ በየመብራቱ ላይ አንዳንድ ድንክ ዓምድ ይቀራል፤ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ስል። አሁን ሙቀቱ ከፍ ይደረጋል። ከጧፍ የተንጠባጠበ ሰም መሬት ላይ ሳይረጋ በፊት ራሱን ክብ እንደሚያደርግ፣ ዓምዱም ሲቀልጥ የገጹ ውጥረት ስሉን ጠርዝ ይስበዋል፤ ጉልላት ይሆናል፤ ሲበርድም በዚያው ይረጋል። በዓለም ላይ በማንም እጅ ሊለሰልስ የማይችል ገጽ ቁሱ በራሱ ያለሰልሰዋል። እኔ ከዚህ ሁሉ ሥራ የማደንቀው ይህን ክፍል ነው፤ ዘረመሉም ቫይረሱም ከዚህ በኋላ ይመጡብኛል።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። ፖሊመሩን በማተሚያ አፍንጫ ጠብታ ጠብታ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በሲሊኮን ቅርጽ መጫን፣ በሌዘር ነጥብ በነጥብ ማጠንከር። የመጨረሻው ማንኛውንም ቅርጽ ይሠራል፤ ግን ቀርፋፋ ነው።

የዓምዱ ቁመት በግምት አይወሰንም። ሲቀልጥ ይዘቱ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ስለዚህ የዓምዱ ይዘት ከጉልላቱ ይዘት ጋር እኩል መሆን አለበት። ግማሽ ሉል ለማግኘት የዓምዱ ቁመት የወርዱ እኩሌታ፣ ማለትም የሬዲየሱ፣ ሁለት ሦስተኛ ይሁን። ሬዲየሱ 30 ማይክሮን ከሆነ ቁመቱ 20። ይህን በክፍል ውስጥ በወረቀት ማውጣት ይቻላል፤ ንጹሕ ክፍልና ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ጠብታ ሌንስ መሆኑንም ማየት የፈለገ ስልኩን በጀርባው አጋድሞ በፊት ካሜራው ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል የውኃ ጠብታ ያኑርና የኮባ ቅጠል ጅማት ያቅርብበት።

አንድ ነገር ሳይነገር እንዳይቀር። ሌንስ ብርሃንን የሚሰብረው በራሱ ቁጥርና በአካባቢው ቁጥር መካከል ባለው ልዩነት ነው። በዓይን የገባው 1.49 ቁጥር ያለው ፕላስቲክ በዓይን ውኃ ተከቦ ሲሠራ ኃይሉ በአየር ላይ ከሚኖረው ከሲሶ ያንሳል፤ ሠሪዎቹ ይህን አስበው ነው የሚያጎብጡት። የአንጎሉ ሌንስም እንዲሁ ነው፦ በአየር ላይ ልዩነቱ 0.6 የነበረ በሥጋ ውስጥ 0.24 ይሆናል። ስለዚህ በጠረጴዛ ላይ ተለክቶ ብርሃኑን አሳምሮ የሰበሰበ ሌንስ በሥጋ ውስጥ ያንን አይደግመውም፤ መለካት ያለበት በውኃ ውስጥ ሆኖ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ መሣሪያውን ከእርጥበት ለመጠበቅ ሲባል ሌንሱን ቁጥሩ ተመሳሳይ በሆነ ወፍራም ሽፋን መሙላት ነው። ያኔ ጉልላቱ አለ፣ ሥራው ግን የለም፤ ብርሃን ወሰኑን ሳያውቀው ያልፋል፤ የላይኛው ገጽ እንደገና ጠፍጣፋ ይሆናልና ቁጥሩ ወደ 8 ይመለሳል። ሽፋኑ ቀጭን ሆኖ የጉልላቱን ቅርጽ ተከትሎ መልበስ አለበት። እርጥበት በፖሊመሩና በመብራቱ መካከል ገብቶ ሌንሱን እንዳይነቅለውም መሣሪያው ከመተከሉ በፊት በሞቀ የጨው ውኃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይፈተናል።

የመጨረሻው ክርክር በስፋት ላይ ነው። ጉልላቱ ሕጉን በትክክል የሚፈጽመው ከመብራቱ ሰፋ ብሎ ሲቀመጥ ነው፤ ከመብራቱ ዳር የተነሣው ጨረርም ከመካከል እንደተነሣ እንዲቆጠር። መብራቶቹ ግን በተቀራረቡ መጠን ጥሩ ነው፤ ብዙ ድምፅ ይለያሉና። የመብራቱ ጎን 60 ማይክሮን ሆኖ ከመብራት መካከል እስከ መብራት መካከል 100 ማይክሮን ቢሆን፣ ጉልላቱ ከጎረቤቱ ሳይጋጭ ሊኖረው የሚችለው ትልቁ ወርድ 100 ነው። ሰፊ ሌንስ የፈለገ የመብራቶቹን ብዛት ይቀንሳል፤ ብዛት የፈለገ ጠባብ ሌንስ ይቀበላል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ይህን ሥሩ፦ ወርዱ 100 ማይክሮን ለሆነ ግማሽ ሉል፣ ከመቅለጡ በፊት የሚቆመው ዓምድ ስንት ማይክሮን ቁመት ይኑረው? 67 ያገኘ ሬዲየሱን ከወርዱ ጋር አምታቷል፤ እንደገና ያስላ። 33 ያገኘ ደግሞ ቀጥሎ የፖሊመሩን ቁጥር ከ1.6 ወደ 1.41 ለውጦ፣ ማለትም በለስላሳው ሲሊኮን ሠርቶ፣ ከ100 ጨረር ስንቱ እንደሚወጣ ይፈልግ፤ ከ9 ጥቂት የበለጠ ካገኘ፣ ለስላሳው ሲሊኮን ለአንጎል ቢመችም ብቻውን ሌንስ ሊሆን ያልተመረጠበትን ምክንያት አግኝቷል።